ስለ ሰንበሌጥ ሣርና ስለ የካ ተራሮች

በየካና በእንጦጦ ተራሮች ላይ ዛፍ ለመትከል በያመቱ ብዙ ድካም እንደሚደረግ የታወቀ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ ስም በየክረምቱ ችግኝ ይተከላል፤ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም የዚሁ አሳብ ፍሬ ነው። ይህ ሁሉ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ስለ ዛፍ የሚያስብ ብዙ ሲሆን፥ ስለ ሣር የሚያስብ ጥቂት ነው። ስለዚህ ዛሬ ሰንበሌጥ ስለሚባለው ሣር ጥቂት ልናሳስብ ወደድን።

ሰንበሌጥ የአፍሪካ ሜዳዎች ተወላጅ ነው። ሥሩ ሳይሞት በያመቱ ያቈጠቍጣል፤ ቁመቱም ከሰው ቁመት የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ለጋ ሳለ ለከብት መኖ፥ ሲደርቅ ለቤት ክዳን ይሆናል። ቆርቆሮ ወደ አገራችን ሳይገባ አባቶቻችን ቤታቸውንም ቤተ ክርስቲያናቸውንም የሚከድኑት በእርሱና በመሰሎቹ ሣሮች ነበረ። አፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲደፉ የሚኖሩበት ቤት ክዳኑ ሣር ነበረ።

ከሚታየው ጥቅሙ ይልቅ ግን የማይታየው ይበልጣል። ሥሩ ቀጭንና ብዙ ስለ ሆነ አፈሩን እንደ መረብ አጥብቆ ይይዛል፤ ቅጠሉም የዝናቡን ኃይል ሰብሮ ውሃው ቀስ ብሎ ወደ መሬት እንዲሰርግ ያደርጋል። የእንጦጦ ጫፍ ውሃውን ለአዋሽና ለአባይ የሚያካፍል እንደ መሆኑ መጠን፥ በዚያ የሚጠፋው አፈር የሚጐዳው አንድን ሰፈር ብቻ አይደለም።

ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከተማችንን ከማገዶ ችግር አድኗታልና ውለታው አይካድም። ሆኖም ባሕር ዛፍ በጠበቀበት ሥፍራ ከሥሩ ሣር እምብዛም አይበቅልም፤ የረገፈውንም ቅጠል ድኆች ሴቶች ለማገዶ ጠርገው ይሸከሙታል። እንዲህ ሲሆን መሬቱ ራቁቱን ይቀራል፤ የክረምቱም ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ወደ ወንዝና ወደ ቦይ ያወርደዋል። ችግኝ አድጎ ሥሩ እስኪሰፋ ብዙ ዓመት ይፈልጋል፤ ሣር ግን በጥቂት ክረምት መሬቱን ያለብሳል።

ሣር በበጋ እሳት ይጠራል የሚል ተቃውሞ ቢነሣ እውነት አለበት። ከሰንበሌጥ ወገን አንዱ ወደ አሜሪካ ተወስዶ፥ በብራዚል ጃራጓ ተብሎ፥ የአገሩን ተክል እየገፋ ቃጠሎን እንዳበዛ ይታወቃል። ነገር ግን ይህ የሆነው ከአገሩ ወጥቶ ያለ ልክ በመስፋቱ ነው። እዚህ በተወለደበት አገር በጊዜው የሚያጭደው ካለ ለእሳት የሚተርፍ ደረቅ ሣር አይበዛም።

ለዚህም የመንዝ ሰዎች የጓሳን ሣር የጠበቁበት ሥርዓት ትምህርት ይሆነናል። ጓሳ የውርጭ አገር ሣር ሆኖ ዘሩ ከሰንበሌጥ ቢለይም፥ የአገሩ ሰው ቀሮ በሚባል ሥርዓት መሬቱን ለጥቂት ዓመታት እየዘጋ፥ ጊዜው ሲደርስ ከፍቶ በደንብ ያጭድ ነበር። ይህ ሥርዓት ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም፥ ሕዝቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቁሞታል።

እንግዲህ የከተማው ሹማምንት በየካ ዳገቶችና በየቦረቦሩ ዳር፥ ከጥዱና ከወይራው ጋራ ሰንበሌጥም እንዲተከል ቢያዝዙ መልካም ነው። ሣሩ ዘሩን ካራገፈ በኋላ የማጨዱ መብት አስቀድሞ ቅጠልና እንጨት በመሸከም ለሚኖሩት ቢሰጥ፥ ተራራውም ይጠበቃል፥ እነርሱም ከከባድ ሸክም ጥቂት ያርፋሉ። ካህናትም ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ጥቂቱን ለሣር ቢተዉ፥ ለአጥቢያው ሕዝብ ምሳሌ ይሆናሉ። በዕለተ ሠሉስ ምድር ስታበቅል የሣር ስም ከዛፍ ስም ቀድሞ መጠራቱን ከእነርሱ ይልቅ የሚያውቅ የለም።

ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የየካ ተራራ ነገርም ከሥሩ ሲታይ የዛፍ ብቻ ሳይሆን የሣር ነገር ነው።