ዳሽቦርዱ ሲደበዝዝ ወደ ኋላም ተመልከቱ

አውሮፓ ያላችሁ በኦክቶበር መጨረሻ እሑድ፣ አሜሪካ ያለነው ደግሞ በኖቬምበር መጀመሪያ እሑድ ሰዓታችንን ወደ ኋላ ከመለስን ወዲህ ከሥራ ስንወጣ ጨለማ ነው። ብዙዎቻችንም የምንሠራው ሌሊት ስለሆነ ስንገባም ጨለማ ነው። በዚህ ወቅት ወደ ጋራዤ የሚደወለው ስልክ ተመሳሳይ ነው። «ጋሼ፣ የዳሽቦርዱ መብራት ደክሟል፤ በስንት እንደምነዳ ማየት አልቻልኩም፤ ምን ላድርግ?» ይሉኛል። መኪናውም ሃያና ሃያ አምስት ዓመት ያገለገለ ኮሮላ፣ ካምሪ ወይም አኮርድ፣ አለዚያም ከታክሲ ሥራ ጡረታ የወጣ ክራውን ቪክቶሪያ ነው። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምመልስ ለሁላችሁም በዚህ ዓምድ ብጽፈው ይሻላል ብያለሁ።

ከሁሉ በፊት ነገሩ የውበት ጉዳይ አለመሆኑን እንስማማ። ዳሽቦርዱ ካልታየ ፍጥነታችሁን አታውቁም፤ ቤንዚኑ ማለቁን አታዩም፤ ሞተሩ መጋሉንም የምታውቁት እንፋሎቱ በኮፈኑ በኩል ሲወጣ ነው። ከዚህም የባሰ አለ፤ ወደሱ እመለሳለሁ።

አሮጌ መኪና ዳሽቦርዱን የሚያበራበት መንገድ ቀላል ነው። ከሰዓቶቹ ጀርባ የጣት ጫፍ የማታክል ጥቂት አምፖል አለች። ብርሃኗ በፕላስቲክ ውስጥ እየተንሸራተተ ቁጥሮቹን ያበራል። ለአምፖሎቹ የሚሄደው ኤሌክትሪክ በአብዛኞቹ አሮጌ መኪናዎች የሚመጣው ከፓርኪንግ መብራቱ መስመር ነው፤ በፊውዝ ያልፋል፤ ብርሃኑን ከፍና ዝቅ በሚያደርገው ትንሽ ጎማ መሰል ማዞሪያ ያልፋል፤ በመጨረሻም ወደ መኪናው ብረት በሚመለሰው ሽቦ፣ ማለትም በግራውንዱ ይወጣል። እንግዲህ መብራቱ ሲደክም ጥፋቱ ከነዚህ በአንዱ ላይ ነው። ፍለጋውም ገንዘብ ከማያስወጣው ይጀመር።

አንደኛ፣ ማዞሪያውን ሞክሩ። ከመሪው በስተግራ ወይም ከሰዓቶቹ አጠገብ ያለች ጥርስ ያላት ትንሽ ማዞሪያ ናት። በድሮዎቹ የአሜሪካ መኪናዎች ላይ ደግሞ ራሱ ተስቦ የሚወጣው የግንባር መብራት ቁልፍ ነው፤ ሲያዞሩት ዳሽቦርዱ ይደምቃል ይደበዝዛል። መኪናውን ያጠበ ሰው በጨርቅ ሲወለውል፣ ወይም ልጅ ሲጫወት ያዞራትና ባለቤቱ መኪናዬ ተበላሸ ይላል። ማዞሪያዋ ከዳር እስከ ዳር ስትዞር መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ውስጧ ቆሽሿል ማለት ነው። መብራቱን አብርታችሁ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ወዲያና ወዲህ አመላልሷት። ብዙ ጊዜ የመገናኛው ዝገት ተፍቆ ብርሃኑ ይመለሳል። ከተመለሰ በኋላ እንደገና ከደከመ ማዞሪያዋን መለወጥ ነው፤ እሷም ከሌላ ከተሰባበረ መኪና ላይ በትንሽ ገንዘብ ትገኛለች። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ እንደምንለው ሁሉ እዚህም የአሮጌ መኪና ዕቃ የሚሸጥበት ግቢ አይጠፋም።

ሁለተኛ፣ ከመኪናው ውረዱና ወደ ኋላ ሂዱ። ከባሰው ነገር እመለሳለሁ ያልኩት ይህንን ነው። የዳሽቦርዱና የኋላው ቀይ መብራት ምንጫቸው አንድ ስለሆነ፣ በብዙ መኪና ላይ አንድ ፊውዝ ሲቃጠል ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ። በብዙዎቹ ቶዮታዎች ላይ ፊውዙ «ቴይል» የሚል ተጽፎበታል፤ ትርጉሙም ጅራት ማለት ነው። የግንባሩ መብራት ግን በሌላ መስመር ስለሚሄድ ይበራል። ነጂው መንገዱ ስለሚታየው ደህና ነኝ ይላል። ከኋላ ለሚመጣው ሰው ግን መኪናው የለም።

ሌሊት ሌሊት ታክሲ የሚነዳ አንድ ወንድማችን ይህን በራሱ ላይ አይቶታል። ዳሽቦርዱ ከጠፋበት ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር። ፍጥነቱን ማወቅ ሲፈልግ የስልኩን ባትሪ እያበራ ይመለከታል፤ ቅዳሜ እረፍት ስወጣ አሠራዋለሁ እያለ ያሳልፋል። አንድ ሌሊት ዝናብ እየጣለ በአውራ ጎዳና ላይ ሲሄድ ከኋላው ትልቅ የጭነት መኪና ጡሩንባውን እያንባረቀ፣ ጎማው እየጮኸ በጎኑ አለፈ። ሰውየው በሰካራም ነጂ እየተራገመ ጥቂት እንደሄደ ፖሊስ አስቆመው። «የኋላ መብራት የለህም፤ እኔም ያየሁህ ተጠግቼህ ነው» አለው። በማግስቱ እኔ ዘንድ ሲመጣ ያወጣሁት አንድ የተቃጠለ ፊውዝ ነበር። የዋጋው ነገር ከአንድ ስኒ ቡና አይበልጥም። ዳሽቦርዱ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲነግረው ነበር፤ የነገረውም ስለ ራሱ ብቻ አልነበረም።

ፊውዙ ተለውጦ እንደገና ከተቃጠለ አንድ ቦታ ሽቦ ተልጦ ከብረት ጋር ተነካክቷል። የታርጋው መብራት ሥር፣ የኋላው መክደኛ በሚታጠፍበት በኩል፣ ተጎታች የሚሳብበት ሽቦ ተቀጥሎ ከሆነም እዚያው ፈልጉ። አገር ቤት እንዳየነው በሲጋራ ብር ወረቀት ፊውዝ መጠቅለል፣ ወይም በ15 አምፔር ፋንታ 30 አምፔር መሰካት ቤትን በገዛ እጅ እንደማቃጠል ነው። ፊውዙ ሲቃጠል ሽቦውን አድኖታል፤ እናንተ ከከለከላችሁት የሚቃጠለው ሽቦው ነው።

ሦስተኛ፣ ጠቅላላው መብራት ደክሞ እንደሆነ እዩ። የግንባሩም፣ የውስጡም፣ የዳሽቦርዱም ብርሃን አብሮ ከወረደና ቤንዚን ሲሰጡት ደመቅ ካለ፣ አምፖሎቹን አትንኩ፤ ኃይል አልደረሳቸውም። ቴስተር ያለው ሰው ባትሪው ላይ ይለካ። ሞተሩ ጠፍቶ ያደረ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሞተሩ ሲነሣ ከ13.5 እስከ 14.5 መሆን አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ ዲናሞውን፣ ቺንጋውንና የባትሪውን መያዣዎች ማየት ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስላችሁም አትናቁት። የድሮ አምፖል ቮልቱ 10 በመቶ ሲቀንስበት ብርሃኑ የሚወርደው 30 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ የዛገ ግራውንድ አንድ ቮልት ተኩል ሲሰርቅ ዳሽቦርዱ የሻማ ብርሃን ይመስላል።

አራተኛ፣ ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ወደ አምፖሎቹ እንሂድ። ዕድሜ የጠገበ አምፖል ከመቃጠሉ በፊት ብርጭቆው ከውስጥ ይጠቁራል፤ የውስጡ ክር እየተነነ ብርጭቆው ላይ ሲለጠፍ የሚመጣ ጥላሸት ነው። ከአራቱ ሁለቱ ሞተው ሁለቱ ጠቁረው ስናገኝ ባለቤቱ የሚያውቀው መደብዘዙን ብቻ ነው፤ ቀስ በቀስ ስለመጣበት መቼ እንደጀመረ እንኳ አያስታውስም።

በእጃችሁ ልትሠሩት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ፤ ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነም ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ሬድዮው የምስጢር ቁጥር የሚጠይቅ ከሆነ ቁጥሩን አስቀድማችሁ ያዙ። በሰዓቶቹ ዙሪያ ያለውን ክፈፍ የያዙትን ብሎኖች በካቻቢቴ ፈትታችሁ ሰዓቶቹን ወደ ራሳችሁ ቀስ አድርጋችሁ ሳቡ። በጣም አሮጌ በሆኑት ላይ የፍጥነት ኬብል ከጀርባው ስለተያያዘ በጉልበት አትጎትቱ። አምፖሎቹ ያሉበት ማቀፊያ ሩብ ዙር ሲዞር ይወጣል። ሁሉንም አንድ ላይ ለውጡ፤ አንዱ ከሞተ የቀሩትም ዕድሜያቸው አንድ ነው። ከአምፖሉ በታች ያለው ቀጭን የመዳብ መስመር ዝጎ ከሆነ በእርሳስ ላጲስ ቀስ ብላችሁ ጥረጉት። የፊቱን ፕላስቲክ አቧራም በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅ አንሡለት።

አሁን ሁለት ማስጠንቀቂያ። የመጀመሪያው፣ ይበልጥ ይድመቅ ብላችሁ ከፍ ያለ ዋት አትጨምሩ። በብዙ መኪና ላይ የሚገባው 194 የተባለው አምፖል 3.8 ዋት ገደማ ሲሆን፣ 168 የተባለው ደግሞ በዚያው ማቀፊያ ልክ ይገባል፤ ነገር ግን 4.9 ዋት ገደማ ነው። ሙቀቱ ከሩብ በላይ ስለሚጨምር ፕላስቲኩ ይቀልጣል፤ የቁጥሮቹም ቀለም ይነጫል። ሁለተኛው፣ ኤልኢዲ የሚባለውን አዲስ ዓይነት መብራት ማስገባት ይቻላል፤ ሙቀቱም ትንሽ ነው። ግን ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ከተገላበጠ ስለማይበራ ካልበራ አዙራችሁ ስኩት። በማዞሪያዋም እንደ ድሮው ላይታዘዝ ይችላል። የባትሪ ምልክት ያለባትን ቀይ አምፖል ግን በኤልኢዲ አትለውጡ። በብዙ አሮጌ መኪና ላይ ዲናሞውን መጀመሪያ የሚቀሰቅሰው በሷ በኩል የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ነው። ያ ካነሰ ዲናሞው ሳይሞላ ይቀርና በማግስቱ መኪናው አልነሣም ይላችኋል።

ሌሊት ሥራ የምትሠራ አንዲት እህታችን ደግሞ በሌላ ጋራዥ «ዳሽቦርዱ እንዳለ መለወጥ አለበት» ተብላ፣ የሁለት ሳምንት ደመወዟን የሚጠጋ ዋጋ ተነግሯት መጣች። መኪናዋ ላይ የነበረው ችግር ሦስት አምፖል ነው። ባለ አምፖል ዳሽቦርድ በመደብዘዙ ብቻ ሙሉ በሙሉ የሚለወጥበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። ሲለወጥም ሌላ ጣጣ አለው፤ የማይል ቆጣሪው አብሮ ይሄዳል። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ አዲሱ ቆጣሪ የድሮውን ማይል እንዲያሳይ ማድረግ ካልተቻለ ወደ ዜሮ ተመልሶ፣ የቀድሞው ማይልና የተሠራበት ቀን የተጻፈበት ማስታወቂያ በግራው በር ክፈፍ ላይ መለጠፍ አለበት። ይህን ሳታውቁ ነገ መኪናውን ልትሸጡ ስትሉ ማይል አጭበርባሪ ትባላላችሁ። ስለዚህ «ይለወጥ» ስትባሉ «የትኛው አምፖል? የትኛው ፊውዝ? የተለካው ቮልት ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ያለው መካኒክ በጥያቄ አይቆጣም።

ቁጥሩ በራሱ የሚያበራ ዲጂታል ዳሽቦርድ ወይም መርፌው የሚያበራ እንደ መጀመሪያዎቹ ሌክሰስ ኤልኤስ 400 ያለ ከሆነ ግን አምፖል በመለወጥ አይድንም። እሱን በብየዳ ለሚሠራ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ስጡት።

አዲስ መኪና ያላችሁም አትሳቁብን። አሮጌው መኪና አንድ ደህና ጠባይ ነበረው፤ መብራት ማብራት ስትረሱ ዳሽቦርዱም ይጨልምና ያስታውሳችኋል። አዲሶቹ ዳሽቦርዳቸው ሁልጊዜ ስለሚበራ፣ ከፊትም የቀን መብራት ስላላቸው፣ ስንት ሰው የኋላው ጠፍቶ በከተማ መካከል ይሄዳል! ካናዳ ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ የሚሠሩ አዳዲስ መኪናዎች በጨለማ መብራታቸውን በሙሉ ራሳቸው እንዲያበሩ፣ ወይም መብራት ሳይበራ ዳሽቦርዱ ጨለማ እንዲሆን፣ ወይም ከኋላም መብራት እንዲኖር በሕግ ያዘዘችው በዚሁ ምክንያት ነው። ቶሮንቶና ካልጋሪ ያላችሁ፣ ከዚያ በፊት የተሠራ መኪና ካላችሁ ቁልፉን በእጃችሁ አብሩ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ከአገር የወጣነው ብዙዎቻችን በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ሆነን ነው፤ ዛሬ ስድሳውን አልፈናል። የስድሳ ዓመት ሰው ዐይን ውስጥ የሚገባው ብርሃን በሃያ ዓመቱ ይገባ ከነበረው አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። አምፖሉ፣ ፊውዙ፣ ቮልቱ ሁሉ ደህና ሆኖ፣ ልጃችሁም ከጎን ተቀምጦ «ኧረ በደንብ ይታያል አባዬ» ካላችሁ፣ ቀጠሮው ከእኔ ጋር ሳይሆን ከዐይን ሐኪም ጋር ነው። ይህን ስነግረው የሚቀየም አለ። አይቀየም፤ ሌሊት ላይ ሰው ጭኖ ነው የሚሄደው። ዳሽቦርዱንም እስከ ጥግ አታድምቁት። ከውስጥ ሲበዛ የውጪው ጨለማ ይብሳል፤ ቁጥሩ በአንድ እይታ የሚነበብበት ልክ ይበቃል።

ዛሬ ማታ መኪናችሁን አስነሡ፤ መብራቱን አብሩ፤ ማዞሪያዋን አዙሩ፤ ከዚያ ወርዳችሁ ከኋላ ያለውን ቀይ መብራትና የታርጋውን መብራት ተመልከቱ። የፍሬኑን ብቻችሁን ማየት ካልቻላችሁ ጀርባውን ወደ ግድግዳ አስጠግታችሁ ፍሬን ስትረግጡ ቀዩ ግድግዳው ላይ ይታያችኋል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና የደከመውን ዛሬውኑ አሠሩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ክረምት ጎማ የጠየቃችሁኝን እመልሳለሁ። እስከዚያው በሰላም ግቡ።