እናታችንን ከሰፈራቸው ስንወስድ

ውጭ የሚኖሩ ልጆች እናት አባታቸውን ለመጦር ወደ ዋሽንግተን ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ መውሰዳቸው የተለመደ ሆኗል። የሚያስመሰግን ነው። የሚዘነጋው ግን አብሯቸው የማይሄደው ሰፈር ነው። እዚህ እናታችን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ደርሰው ይመለሳሉ፣ ቡና ይጠራራሉ፣ ለቅሶ ይደርሳሉ፣ ጉሊት ላይ ተከራክረው ሒሳብ ያሰላሉ። ይህ ሁሉ አንጎልን ያሠራል። እዚያ ግን ልጆች ከሥራ እስኪመለሱ በር ዘግተው ቴሌቪዥን ፊት ይውላሉ፤ የልጅ ልጆችም አማርኛ ላይሰሙ ይችላሉ።

የላንሴት ኮሚሽን በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ 14 አጋላጭ ምክንያቶችን መቆጣጠር ቢቻል ከዲሜንሺያ (የመርሳት በሽታ) 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ገልጿል። ከሰው መገለል፣ የመስማት ችግር፣ የደም ግፊትና ስኳር ከእነዚህ መካከል ናቸው።

ምርመራውም የራሱ ጣጣ አለው። ሐኪሙ «ዓመቱ ስንት ነው?» ሲል እናት በእኛ አቆጣጠር ቢመልሱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጎድላል። ሰዓቱን ቢጠየቁ በስድስት ሰዓት ይለያያል። ወቅቱን «ክረምት» ቢሉ ለሐኪሙ በጋ ነው። ከ100 ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ እንዲቆጥሩ መጠየቅም፣ ትምህርት ቤት ላልገባ ሰው ከማስታወስ ይልቅ ትምህርትን ይለካል። በዚህ መንገድ ጤነኛው ሰው ታማሚ ሊባል ይችላል። በሌላ በኩል ቤተሰቡ «ጃጅተው ነው» ብሎ እውነተኛውን ሕመም ያልፈዋል። እኔ የምፈራው ይህንን ሁለተኛውን ይበልጥ ነው።

ስለዚህ አስተርጓሚ ይጠይቁ። በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎች ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ የልጅ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ አይገባም። ለሐኪሙ ቀድሞ ይሠሩት የነበረውንና አሁን ያቃታቸውን ይንገሩ፦ ወጡን ሁለት ጊዜ ጨው መጨመር፣ ምድጃ ሳያጠፉ መውጣት፣ የሚያውቁት መንገድ መጥፋት። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግር፣ ድብርትና አንዳንድ የእንቅልፍ መድኃኒቶችም ያስረሳሉ፤ እነዚህ ይታከማሉ። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ድንገት ግራ የተጋባ ሰው ግን በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት።

አገር ቤት ሆነው ከቀድሞ ሰፈራቸው ርቆ ወደሚገኝ ኮንዶሚኒየም ለገቡ አዛውንቶችም ይኸው ነው። ዕድራቸውን አያስለቅቋቸው፤ ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ወደ ቀድሞ ጎረቤቶቻቸው የሚያደርሳቸው ሰው ይመድቡ።