ስዊቹ ከመወቀሱ በፊት ኬብሉ ይመርመር

በአሁኑ ዘመን የነጋዴ ሥራ በሱቅና በመጋዘን ብቻ ተወስኖ የሚቀር አይደለም። አስመጪው ከውጭ አገር የመጣለትን የዋጋ ማቅረቢያ በመኖሪያ ቤቱ ሆኖ ይመረምራል፤ ላኪው የጭነት ሰነዱን በምሽት ለገዢው ያስተላልፋል፤ ባለሱቁም የቀኑን ሽያጭ ማታ በቤቱ ያጠቃልላል። ስለዚህም በብዙ ቤት ኮምፒዩተሩን፣ ፕሪንተሩንና የጥበቃ ካሜራውን በኬብል ከራውተሩ ጋር የሚያገናኝ ስዊች የተባለ ትንሽ ሣጥን ይገኛል። ይህ ሣጥን አንድ ጊዜ እየሠራ አንድ ጊዜ እየቆመ ሲያስቸግር የሚባክነው ሰዓት የንግድ ሰዓት መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

በእንዲህ ያለ ጊዜ የተለመደው ነገር ስዊቹን ጥሎ ሌላ መግዛት ነው። ዳሩ ግን ጥፋተኛው ሌላ ሆኖ ሳለ ስዊቹን መወንጀል «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚሉት ዓይነት ነው፤ አዲሱም እንደ አሮጌው መታወኩ አይቀርም። ዕቃው በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ በመሆኑም ደኅናውን ስዊች የጣለ ሰው ምንዛሪውንም አብሮ ጣለ ማለት ነው።

ምርመራው በተራ ቢካሄድ ብዙ ድካም አይጠይቅም። በመጀመሪያ የሚታየው የኃይል ምንጩ ነው። በኢትዮጵያ የመብራት ኃይል 220 ቮልት ሲሆን፣ ትንሹ ስዊች በአዳፕተር አማካይነት የሚቀበለው እንደ አሠራሩ 5፣ 9 ወይም 12 ቮልት ነው። የስዊቹ መብራቶች ሁሉ ባንድነት ጠፍተው የሚመለሱ ከሆነ፣ በቮልት እኩል የሆነና በአምፔርም ከተጻፈው የማያንስ ሌላ አዳፕተር ተክቶ መሞከር ይገባል።

ሁለተኛው ኬብሉ ነው። የሚያስቸግረው አንድ መሥመር ብቻ ከሆነ ኬብሉን ነቅሎ በሌላ ቀዳዳ መሰካት ነው። ችግሩ ኬብሉን ተከትሎ ከሄደ ስዊቹ ንጹሕ ነው፤ በቀድሞው ቀዳዳ ሌላ ደኅና ኬብል ተሰክቶም ከታወከ ግን ጥፋቱ የስዊቹ ነው። በሰከንድ 1000 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ መሥመር የኬብሉን 8 ክሮች በሙሉ ሲፈልግ፣ 100 ሜጋቢት የሚያስተላልፈው በ4 ክሮች ይሠራል። ስለዚህ አንድ ክር ቢላላ መሥመሩ ፈጽሞ ሳይቋረጥ ሊዘገይ ይችላል።

ሦስተኛው፣ የአንድ ኬብል ሁለት ጫፎች ሳይታወቅ በአንዱ ስዊች ላይ መሰካታቸው ነው። ያን ጊዜ መልእክቱ ያለማቋረጥ እየዞረ ቤቱን ሁሉ ያውካል። ራድያ ፐርልማን የተባሉ አሜሪካዊት መሐንዲስ በ1985 እ.ኤ.አ. ይህን ዙር የሚገታ ዘዴ ቢነድፉም፣ በርካሽ የሚሸጡት ትንንሽ ስዊቾች ብዙውን ጊዜ ይህ ዘዴ የላቸውም።

እስከዚህ የተነገረው የገዢው ድርሻ ነው። የነጋዴው ድርሻ ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። የኔትወርክ ኬብል ደረጃን የሚወስኑት ዓለም አቀፍ ድንጋጌዎች ክሩ መዳብ እንዲሆን ሲያዝዙ፣ ላዩ መዳብ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነ ኬብልም «ካት 6» ተብሎ እየተጻፈበት ይሸጣል። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክን እንደ መዳብ አያስተላልፍም፤ ሲታጠፍም ቶሎ ይሰበራል። ክሩ በምላጭ ሲፋቅ ውስጡ ነጭ ሆኖ ከታየ መዳብ አይደለም።

ገዢው ርካሽ ይፈልጋል የሚለው መከራከሪያ እውነትነት አለው። ነገር ግን በኬብሉ የተረፈው ብር ለባለሙያ ክፍያና ለሁለተኛ ስዊች ሲወጣ ርካሽነቱ ያከትማል፤ ገዢውም ያንን ሱቅ ደግሞ አይረግጥም። ስለዚህ አስመጪው በትእዛዙ ላይ «ንጹሕ መዳብ» ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ፣ ዕቃው ሲደርስም ከመቀበሉ በፊት ፍቆ ማየት ይገባዋል። ባለሱቁም የአሉሚኒየሙን ኬብል የሚሸጥ ከሆነ ስሙን ሳይደብቅ ይሽጥ፤ ተበላሸ ተብሎ የተመለሰለትን ስዊችም በደኅና አዳፕተርና ኬብል በገዢው ፊት ይሞክር። ይህን የሚያደርግ ነጋዴ አንድ ስዊች መሸጥ ቢቀርበት እንኳ ደንበኛውን አያጣም።