ፍላሹ ላይ ያለው ኮፒ ነው፤ ዋናው የት አለ?

«ቲቸር፣ ይሄ ፋይል ሪሲቨሩ ላይ ለምን አይከፍትም?» እያላችሁ በውስጥ መስመር የምትጽፉልኝ የድሮ ተማሪዎቼ። ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልናገር። ቪዲዮን ቤት ላለው ሪሲቨር እንዲመች ኮንቨርት ማድረግ ምንም ነውር የለበትም፤ እኔም አደርጋለሁ። ጥፋቱ የተጨመቀውን ይዞ ዋናውን መጣል ነው። እዚህ ሐረርም ሆነ እኛ ሶፊ ውስጥ በየቤቱ እየሆነ ያለው ግን ይኸው ነው።

የአንድ የሰርግ ቪዲዮ ጉዞ እስቲ አስቡት። በ1980ዎቹ መጨረሻ በቪኤችኤስ ካሴት ተቀረጸ። ዴኩ ሲበላሽ ቪዲዮ ቤት ተወስዶ ወደ ዲቪዲ ተገለበጠ። አንድ ዲቪዲ በደህና ጥራት የሚይዘው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ የሦስት ሰዓት ሰርግ አንድ ዲስክ ላይ ይግባ ሲባል ተጨመቀ። ዲቪዲ ማጫወቻው ደግሞ ጊዜው አለፈና «ፍላሽ ላይ አድርጉልኝ» ተባለ፤ ሁለተኛ ተጨመቀ። ከዚያ ልጅቷ ጅዳ ላለው ወንድሟ በቴሌግራም ላከችለት፤ ሦስተኛ። ወንድሟ በስልኩ አውርዶ ለዘመድ አዳረሰ። አሁን «የእማዬ ሰርግ» ተብሎ የሚዞረው ይሄ ነው። ሙሽራዋ ከአጃቢዎቿ አትለይም።

ለምን? ቪዲዮ ሲጨመቅ ኮምፒውተሩ ዓይን አያስተውለውም ብሎ የገመተውን ዝርዝር ይጥላል። የተጣለው አይመለስም። እንደገና ስትጨምቁት ከቀረው ላይ ደግሞ ይጥላል፤ ይባስ ብሎ የመጀመሪያው ጭመቃ የፈጠረውን ካሬ ካሬ ነገር እንደ እውነተኛ ምስል ቆጥሮ እሱን ለማቆየት ይደክማል። በመጀመሪያ የሚጠፋው የቀሚስ ጥልፍ ነው፤ ቀጥሎ ማታ የተቀረጸው ሁሉ፤ ቀጥሎ ከኋላ የቆሙ ሰዎች ፊት። ዛሬ በሕይወት የሌሉት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ የቆሙት ሽማግሌዎች ናቸው።

የማውቃቸው አንዲት እናት አሉ። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል። ድምፃቸው የቀረው አንድ ካሴት ላይ ብቻ ነበር፤ በልጃቸው ሰርግ ሲመርቁ። ካሴቱን ለአንድ ቪዲዮ ቤት ሰጡ፣ ፍላሽ ተቀበሉ። ምርቃቱ አለ፣ ነገር ግን ድምፁ ከውኃ ውስጥ እንደሚመጣ ነው፤ ግማሹ ቃል አይሰማም። ካሴቱን ልናመጣ ስንሄድ «እሱማ ተጣለ፣ ምን ያደርግላችኋል?» ተባልን። እትዬ ምንም አላሉም፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

ባለሙያዎቹን ብቻ መውቀስ አልፈልግም። «ደንበኛው ራሱ ነው አሳንስልኝ የሚለው፣ ትልቅ ፍላሽ ግዛ ስንለው ይኮርፋል» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ግን ካሴቱን መመለስ ምንም ወጪ የለውም። ከካሴቱ በቀጥታ የተቀዳውን ትልቁን ፋይል ለባለቤቱ ሳይነግሩ መሰረዝ ደግሞ ሥራ ማቃለል ነው። «ፉል ኤችዲ እናደርገዋለን» ብሎ ተጨማሪ ብር መቀበልማ አይነሳ። የቪኤችኤስ ምስል የያዘው ዝርዝር ትንሽ ነው፤ መጠኑን ብትለጥጡት ፋይሉ ይወፍራል እንጂ ያልተቀረጸ ነገር አይወለድም። አንዳንዶቹ ጭራሽ አራት ለሦስት የነበረውን ምስል ለሰፊው ቴሌቪዥን ብለው ወደ ጎን ይስቡታል፤ ቀጭኗ ሙሽራ በአንድ ሌሊት ወፍራ ታድራለች።

እሺ፣ ሪሲቨሩ ለምን አይከፍትም? ብዙ ጊዜ የሚጽፉልኝ ሦስት ችግሮች ናቸው። ድምፅ አለ ምስል ጥቁር ከሆነ፣ ፋይሉ በኤች 265 የተጨመቀ ሊሆን ይችላል። አይፎኖች ከ2017 (በፈረንጅ) ወዲህ የሚቀርጹት በዚህ ነው፤ የቆዩ ሪሲቨሮች ደግሞ የሚያውቁት ኤች 264ን ነው። ውጭ ያላችሁ ልጆች፣ ለእናታችሁ የምትልኩ ከሆነ የስልኩ ካሜራ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ፎርማቱን «ሞስት ኮምፓቲብል» በሉት፤ ነገሩ ከምንጩ ያልቃል። ምስል አለ ድምፅ ከሌለ ደግሞ ምስሉን አትንኩት፤ ድምፁን ብቻ ወደ ኤኤሲ መቀየር ይበቃል። ፋይሉ ጭራሽ ፍላሹ ላይ አልገባ ካለና ከ4 ጊጋ በላይ ከሆነ፣ ጥፋቱ የቪዲዮው ሳይሆን የፍላሹ ነው፤ በፋት 32 ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ከዚያ የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ሪሲቨራችሁ ኤንቲኤፍኤስ የሚያነብ ከሆነ ፍላሹን በዚያ ፎርማት አድርጉት፤ ካልሆነ ፋይሉን ለሁለት ቁረጡት። ለዚህ ብሎ ሰርግ መጭመቅ ምን ይሉታል?

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው። ኤምኬቪ እና ኤምፒ 4 የመያዣ ስም ናቸው። ውስጡ ያለው ኤች 264 ከሆነ መያዣውን ብቻ መቀየር ይቻላል፤ ወተትን ከአንድ ቅል ወደ ሌላ ቅል እንደ መገልበጥ ነው፣ አንድ ጠብታ አይጎድልም፣ የሚፈጀውም ደቂቃዎች ነው። ኤፍኤፍኤምፔግ ይህን ይሠራል፣ ነፃ ነው። የግድ እንደገና መጭመቅ ካለባችሁ ሃንድብሬክን ውሰዱ፤ እሱም ነፃ ነው። ኤች 264 ምረጡ፣ ጥራቱን 18 እና 20 መካከል አድርጉ (ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጥራቱ ይጨምራል)፣ ፍሬም ሬቱን እንደ ዋናው ተዉት። ከካሴት ወይም ከዲቪዲ የመጣ ከሆነ «ዲኢንተርሌስ» የሚለውን አብሩ፤ አለበለዚያ ጭፈራው ላይ የሰው እጅ የማበጠሪያ ጥርስ ይመስላል። በቴሌግራም ስትልኩ ደግሞ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን «ፋይል» ብላችሁ ላኩ፤ እንደዚያ ከሆነ ሳይነካው ያደርሰዋል።

ይህን ሁሉ ስታደርጉ የምትሠሩት ለሪሲቨሩ የሚሆን ኮፒ ነው። የእኛ ሶፊ ገበሬ ማሽላውን ሲያስፈጭ የዘሩን ለይቶ ያስቀምጣል፤ ችግር ቢመጣ እንኳ የመጨረሻ የሚነካው እሱን ነው። ትልቁ ፋይል እንደዚያ ይታይ። ሁለት ቦታ ይቀመጥ፣ አንዱም ሌላ ሰው ቤት ይሁን። ካሴቱም ይመለስ፣ ነገ የተሻለ መሣሪያ ያለው ሰው ደግሞ ይቀዳዋል።

ነገ ስል ግን ሩቅ አይደለም። ቪኤችኤስ ዴክ ይሠራ የነበረው የመጨረሻው ትልቅ አምራች፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ በ2016 ማምረት አቁሟል። ዩኔስኮም በ2019 ስለ ማግኔት ቴፕ ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ፣ መልሶ ለማጫወት የሚቻልበት ጊዜ እስከ 2025 ገደማ ሊያልቅ ይችላል ብሎ ነበር። ያ ዓመት አልፏል። ጁገል ውስጥ የአቶ አብዱላሂ ሸሪፍን ሙዚየም ያየ ሰው አንድ ግለሰብ ተግቶ ምን ያህል እንደሚያድን ያውቃል፤ እዚያ ከእጅ ጽሑፎቹ ጋር የድሮ ዘፈን ቅጂዎችም አሉ። የየቤታችንን ሰርግና ምርቃት ግን ማንም ሙዚየም መጥቶ አይሰበስብልንም።

እና አሁን ልመናዬ። ሐረርና አካባቢዋ የሚሠራ ዴክ ያላችሁ፣ ወይም ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ጠጥቶ የተቀመጠ ያያችሁ፣ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ጭንቅላቱን ማጽዳት እኔ እችላለሁ። ካሴት ያላችሁ ደግሞ ዛሬ ከመስኮት ሥር አንሱት፤ ፀሐይ በማያገኘው ደረቅ ቦታ እንደ መጽሐፍ አቁማችሁ አስቀምጡት። ለቪዲዮ ቤት ከሰጣችሁ፣ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ካሴቱንም ትልቁንም ፋይል ተቀበሉ።