ሮጠን ሮጠን ያልደረስንበት ቃል

ስለ ሩጫ እኛን ማን ያስተምረናል? አበበ ቢቂላ በ1960 (እ.ኤ.አ.) ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ያሸነፈልን ሰዎች ነን። ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ «ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ» የአዲስ አበባን ጎዳናዎች በሕዝብ ያጥለቀልቃል፤ የእንግሊዝኛ ስሙም «ግሬት ኢትዮጵያን ራን» ነው። እንግዲህ ከእንግሊዝኛ ቃላት ሁሉ አብጠርጥረን ልናውቀው የሚገባን «ራን»ን ነበር። ግን እናንተዬ፣ ሮጠን ሮጠን ያልደረስንበት ቃልም እሱው ነው!

የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ይህን ቃል እንደገና መርምረው፣ በ2011 (እ.ኤ.አ.) እንደተዘገበው፣ በግስነቱ ብቻ 645 ፍቺ ቆጥረውለታል። ሥራውን የሠራው ፒተር ጊሊቨር ዘጠኝ ወር ፈጅቶበታል። ልጅ ተረግዞ ይወለዳል እኮ! ከዚያ በፊት፣ በ1989ኙ እትም፣ ክብረ ወሰኑ በ430 ፍቺ የተያዘው «ሴት» በሚባለው ቃል ነበር። (እኛን ማለታቸው አይደለም፣ «ሶፋ ሴት» የምንለውን ነው።)

ተማሪ ቤት ግን ነገሩ ቀላል ነበር። መምህሩ «ራን!» ይላሉ፣ ክፍሉ በሙሉ «መሮጥ!» ይላል፣ አለቀ። አንድ ቃል፣ አንድ ፍቺ። የቀሩት 644ቱ የት ገቡ?

ያሉት በየቤታችን ነው። ቧንቧ ሲፈስ «ራን» ነው። ጉንፋን ይዞን አፍንጫችን ሲፈስም «ራን» ነው። አዲሱ ቀሚስ ታጥቦ ቀለሙ ሲለቅ «ራን»፣ ስቶኪንጋችን ሲተረተር «ራን»፣ አውቶቡስ ከመገናኛ ፒያሳ ሲመላለስ «ራን»፣ ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም ሲከፈት «ራን»። ስኳር ሲያልቅብን «ራን አውት» ነው። ጓደኛችንን መንገድ ላይ ድንገት ስናገኛት «ራን ኢንቱ» ነው፤ በመኪና ከገጨናት ግን «ራን ኦቨር»። የመጀመሪያው በመሳሳም ያልቃል፣ ሁለተኛው ትራፊክ ፖሊስ ያስጠራል። ልዩነቱ አንዲት ሚጢጢ ቃል ናት። «ኢት ራንስ ኢን ዘ ፋሚሊ» ሲባል ደግሞ ነገሩ በዘር ይወርዳል ማለት እንጂ ቤተሰቡ በሙሉ ይሮጣል ማለት አይደለም። የዲባባ እህቶች ከሆኑ ግን ሁለቱም ልክ ነው።

ይህ ሁሉ ፍቺ ከየት መጣ? በድሮው እንግሊዝኛም ቃሉ የእግርን ሩጫና የውሃን መፍሰስ ይዞ ነበር። ኋላ ሰዓቱም፣ ባቡሩም፣ ሞተሩም፣ ኮምፒውተሩም ሲመጡ በዚሁ ቃል ተጠሩ። ሚስጥሩ አንድ ነው፦ ሳይቋረጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ «ራን» ይሆናል። አማርኛም የራሱ ብልሃት አለው። «ሥራው እየሄደ ነው» እንላለን። በየመሥሪያ ቤቱ በጀት ላይ የሚሰፍረው «ሥራ ማስኬጃ» እንግሊዝኛው «ራኒንግ ኮስት» የሚለው ነው። እንግሊዝኛ የሚያስሮጠውን አማርኛ ያስኬደዋል!

«ያዘ»ንም አንርሳ። ሌባ ይያዛል፣ ታክሲ ይያዛል፣ ወረፋ ይያዛል፣ ቀጠሮ ይያዛል፣ ቂም ይያዛል፤ ጉንፋን ደግሞ እኛኑ ይይዘናል። አማርኛ የሚማር ፈረንጅ «ያዘ ማለት በእጅ መጨበጥ» ብሎ ቢመጣብን እንስቅ ነበር። እንግዲህ እኛም «ራን ማለት መሮጥ» ብለን ስንሄድ የሚገጥመን ይኸው ነው።

«ታዲያ ተመሳሳይ ቃላቱን እንሸምድድ» የሚል አይጠፋም። እሱም አያዋጣም። ተመሳሳይ ቃል የሚገኘው ለፍቺው እንጂ ለቃሉ አይደለም። ወንዝ ሲሆን «ፍሎው» ይተካዋል፣ መሥሪያ ቤት ሲሆን «ማኔጅ»፣ ማሽን ሲሆን «ኦፐሬት»። ወንዝን «ማኔጅስ» ብንለው ግን ወንዙን ሥራ አስኪያጅ ሾምነው። «ሺ ራንስ ኤ ካፌ» ሲባልም ካፌውን ታስተዳድራለች እንጂ ካፌው የእሷ ነው አልተባለም። ባለቤቱ ሌላ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ነገሩ ቀልድነቱ ያበቃል። ሁለተኛ ደረጃ ስንገባ ባዮሎጂውም ሒሳቡም ኢኮኖሚክሱም በእንግሊዝኛ ነው። የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ «ሾርት ራን» ሲል አጭር ሩጫ ማለቱ አይደለም፤ ቢያንስ አንዱ የምርት ግብዓት፣ ለምሳሌ ፋብሪካው፣ ሊቀየር የማይችልበትን ጊዜ ማለቱ ነው። «አንድ ቃል አንድ ፍቺ» ተብሎ ያደገ ልጅ እዚህ ጋ ሲደናቀፍ የሚጠረጥረው የተማረበትን መንገድ ሳይሆን ጭንቅላቱን ነው። «እኔ እንግሊዝኛ አይገባኝም» ብሎ እጅ ይሰጣል። ስንቱ ጎበዝ ልጅ እንዲህ ዝም እንዳለ በየክፍላችን ያየነው ነው።

ጋዜጠኝነት ተምረን የወጣን ደግሞ ሌላ ዕዳ አለብን። እንግሊዞች ለምርጫ «ይቆማሉ»፣ አሜሪካኖች «ይሮጣሉ»፤ በአማርኛ ሁለቱም ይወዳደራሉ። «ለፕሬዚዳንትነት እየሮጡ ነው» ብሎ የሚተረጉም ሰው አንባቢውን ወደ ስታዲየም ይልከዋል። «ባንክ ራን»ስ? በማርች 2023 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካው ሲሊከን ቫሊ ባንክ ደንበኞች በአንድ ቀን ብቻ 42 ቢሊዮን ዶላር ለማውጣት ሞክረው ባንኩ በማግስቱ ተዘጋ። «የባንክ ሩጫ» ተብሎ ቢተረጎም አንባቢው ምን ይረዳ? ባንኩ ያዘጋጀው የአምስት ኪሎ ሜትር ውድድር? ዜናው ግን ገንዘብ አስቀማጮች ተደናግጠው ገንዘባቸውን ለማውጣት ተሻሙ ነው። ቃል ተተርጉሞ ትርጉም ሲጠፋ የሚከፍለው አንባቢው ነው።

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው። ቃልን ለብቻው አንሸምድደው። ሰውን በጓደኛው እንደምናውቀው ቃልንም በጓደኞቹ እንወቀው፦ «ራን» ከውሃ ጋር፣ «ራን» ከሱቅ ጋር፣ «ራን» ከ«አውት» ጋር። ደብተራችን ላይ ነጠላ ቃል ሳይሆን ሙሉ ዓረፍተ ነገር እንጻፍ። መምህራንም ለፈተና ተብለው የሚሸመደዱትን ግዙፍ ቃላት ትንሽ ቀነስ አድርገው ለእነዚህ ለትንንሾቹ ጊዜ ይስጡልን። አምስት መቶ ከባድ ቃል ተሸክሞ ከሚንገዳገድ ይልቅ ሃምሳ ቀላል ቃል በየቦታው የሚያውል ሰው ሐሳቡን ያደርሳል።

645ቱን ሁሉ ማን ያውቃል? እንግሊዞቹም ቆጥረው የጨረሱት በዘጠኝ ወር ነው። እኛ አሥሩን እንኳ በወጉ ብንይዝ ትልቅ ነገር ነው። ደግሞስ፣ እንደ ሩጫው ሁሉ፣ ረጅሙ ርቀት መቼ አቅቶን ያውቃል?