ሞንታርቦውን ያውርዱት፦ ለቀድሞ አሠሪዬ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለጋሼ፣

ባለፈው ቅዳሜ ለአዲሱ ሱቅ ምርቃት ጠርተውኝ መጥቼ ነበር። ዳቦው ሲቆረስ ከልቤ አጨበጨብኩ። ቀና ስል ግን ሁለት ሞንታርቦ አየሁ፤ አንዱ በሩ ላይ፣ አንዱ ከሒሳብ መቀበያው ራስጌ። ከሥሩ የተቀመጠችውን ልጅ ስሟን ብጠይቃት «እ?» ብላ ጆሮዋን አስጠጋችልኝ። ያቺ «እ?» ከማን አፍ አትጠፋ እንደነበረ እርስዎ ያውቃሉ። ሳልሰናበትዎ የወጣሁት ለዚህ ነው።

ውለታዎን አልክድም። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ደመወዜ አንድም ወር አልዘገየም፤ የጡረታ መዋጮዬ በወቅቱ ገብቷል፤ እናቴ ስታርፍ ድንኳን ያስተከሉት እርስዎ ነዎት። በጠየቀኝ ሁሉ ፊት እመሰክራለሁ። ጆሮዬን ግን ውለታዎ አይመልስልኝም።

አጀማመሩን አብረን አይተናል። የመርካቶው ሱቅ ሲከፈት ደንበኛ የምንጠራው በአፋችን ነበር። ፊት ለፊት ያለው ጫማ ቤት ሞንታርቦ ሲያወጣ እኛም አወጣን። እሱ ሲጨምር ጨመርን። በመጨረሻ ዘፈኑ ከዘፈን ተደባልቆ የማንኛችንም የማይለይበት ደረጃ ደረሰ፤ ደፍሮ የሚቀንስ ግን ጠፋ።

መጀመሪያ የመጣብኝ ፉጨት ነው። ማታ ሱቅ ዘግተን ታክሲ ስገባ ጆሮዬ ውስጥ ያፏጫል፣ ጠዋት ይተወኛል። ኋላ ጠዋትም አልተወኝም። ከዚያ ሒሳብ ስቀበል ቁጥር እስት ጀመርኩ። ሻጮቹ ልጆች ከውስጥ «ሰባት መቶ» ሲሉኝ «ስድስት መቶ» ሰምቼ እቀበላለሁ። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ጉድለት ይገኝብኛል፤ ጉድለቱ ከደመወዜ ይቆረጣል። ጆሮዬን ለጎዳው ሥራ ካሣ ከፋይዋ እኔ ሆንኩ። ይህን አውቀው አላደረጉትም፤ ግን ስነግርዎት «ይለመዳል» አሉኝ።

ጋሼ፣ ጩኸት አይለመድም። ለመደ የምንለው ጆሮ የተጎዳ ጆሮ ነው። ኋላ የሄድኩበት ሐኪም ድምፅ በማይገባበት ጠባብ ክፍል አስቀምጦ ከመረመረኝ በኋላ ውጤቱን በወረቀት አሳየኝ። መስመሩ ወፍራም ድምፆች ላይ ደህና ይሄድና 4000 ሄርዝ አካባቢ ሲደርስ ይሰምጣል። ጩኸት የጎዳው ጆሮ ብዙ ጊዜ ምልክቱ ይህ ነው። ድምፅን ወደ አንጎል የሚያደርሱት በውስጠኛው ጆሮ ያሉ ጥቃቅን ፀጉራም ሕዋሳት ናቸው፤ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። በቅድሚያ የሚጠፉት «ስ»ን፣ «ፍ»ን፣ «ት»ን የመሰሉ ቀጫጭን ድምፆች ናቸው። ሰው ሲናገር ይሰማኛል፤ ያለውን ግን አልለየውም።

የሥራ ጤና ባለሙያዎች ስሌት አላቸው። 85 ዴሲቤል ላይ በቀን እስከ 8 ሰዓት ይሠራል። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፦ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 94 ላይ 1 ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ። ደንበኛ አምስት ደቂቃ ገብቶ ይወጣል። እኔ ግን ከሞንታርቦው ሥር በቀን አሥር ሰዓት ተቀምጫለሁ፤ ለዓመታት።

«ገበያው ነው የሚጠይቀው» ይሉኛል። እንግዲያው የሽያጭ ደብተሩን ያውጡና መብራት የጠፋባቸውን ቀናት ይመልከቱ። መዝጋቢዋ እኔ ነበርኩ። በእነዚያ ቀናት ሞንታርቦው ዝም ቢልም ሽያጫችን አልወደቀም። ደንበኛው ተረጋግቶ ይከራከራል፣ እኛም ሰምተን እንመልሳለን፣ ጉድለትም አይገኝም ነበር።

ይህ የእርስዎ ሱቅ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ምናለሽ ተራ ቀኑን ሙሉ ብረት ሲቀጠቅጥ የሚውለው ልጅ፣ ወፍጮ ቤት እህል የምትፈጨው ሴት፣ ከጄኔሬተር አጠገብ ሸቀጥ የሚሸጠው ወጣት ሁሉም አንድ ዕጣ ይጠብቃቸዋል። የሠራተኛና አሠሪ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛን ጤንነትና ደህንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል። የአገሪቱ የድምፅ ደረጃም ለንግድ አካባቢ ቀን 65፣ ሌሊት 55 ዴሲቤል ይላል። እኔ በሠራሁባቸው ዓመታት ግን ንግድ ፈቃድ አሳዩ የሚል እንጂ ድምፁን ልለካ ብሎ የመጣ ሰው አላየሁም።

እኛም ዝም እንላለን። ቋንቋችን መስማት የተሳነውንና አላዋቂውን በአንድ ቃል «ደንቆሮ» ብሎ ስለሚጠራ፣ መስማት የደከመ ሻጭ ከመናገር መደበቅን ይመርጣል። እኔም ሁለት ዓመት ደብቄያለሁ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ብናገር ኖሮ የቀረውን ማትረፍ ይቻል ነበር።

ከሁሉ በላይ ያመመኝ ግን ቃልዎ ነው። ሥራ ስለቅ ትከሻዬን ይዘው «ልጄ፣ ሁለተኛ እዚህ ቤት ሞንታርቦ አይጮህም» አሉኝ። አመንኩዎት። ሌላ ቦታ ሄጄ ስለ እርስዎ ክፉ ያልተናገርኩት ያንን ቃል ይዤ ነው። አሁን ግን አንዱ ሁለት ሆኖ አገኘሁት።

ካሣ አልጠይቅዎትም። የምጠይቅዎት ሦስት ነገር ነው፦ ድምፁን ሰው ሳይጮህ መነጋገር እስኪችል ይቀንሱት፤ የሠራተኞችዎን ጆሮ በዓመት አንዴ ያስመርምሩ፤ በሒሳብ ጉድለት ከመቁረጥዎ በፊት ልጅቷ ሰምታ እንደሆነ ይጠይቁ። ከሁሉ አስቀድመው ደግሞ ከራሷ በላይ ያለውን ሞንታርቦ ዛሬ ማታ ሱቁ ሲዘጋ ያውርዱት። እኔ የጠፋብኝ አይመለስም። የእሷ ግን ገና ሊተርፍ ይችላል።

የቀድሞ ሠራተኛዎ