ለባለ ፔጆ ወንድሞቼ፦ በጥገና ስም አታጥፏቸው

ወንድሞቼ፣ ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ለሸመገላችሁና ዛሬም ፔጆ 404 በደጃችሁ ለቆመችላችሁ ነው። ልጆቻችን ቢያነቡት ደስ ይለኛል፤ ተጠያቂዎቹ ግን እኛ ነን። ከሐረር በር እስከ ፈረስ መጋላ ተደርድረው ተሳፋሪ ይጠብቁ የነበሩት ፔጆዎች ቁጥራቸው መንምኗል፤ አደባባዩን ባጃጅ ሞልቶታል። ሰው ሁሉ በእርጅና ያመካኛል። እርጅና ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣሁ። እየጨረሳቸው ያለው «ለዛሬ ትውጣልን» እያልን የምንሠራው ጥገና፣ ከዚያም አልፎ «እናሻሽላት» ብለን የምናደርስባት ጉዳት ነው።

ምን እንደያዝን እናስብ። 404 እ.ኤ.አ. በ1960 ስትወጣ ቅርጿን የነደፈው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነበር። የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ በ1963 አሸነፈች፤ በዚያ ዓመት ከተነሡት 84 መኪኖች መጨረሻ የደረሱት 7 ብቻ ነበሩ። ከዚያም በ1966፣ በ1967 እና በ1968 ተከታትላ ወሰደችው። ለእሽቅድምድም የተሠራች መኪና አልነበረችም፤ ቤተሰብና ሸቀጥ የምትጭን የሥራ መኪና ነበረች። የኬንያ ጭቃና የታንዛኒያ አቧራ ያልበገራትን መኪና እዚህ ሐረር፣ ጁገል ግንብ ውስጥ፣ አስፋልት ላይ፣ በገዛ እጃችን ስንጥላት ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ሙቀት ልናገር፤ ብዙዎቹን የቀበራቸው እሱ ነውና። ሞተሯ 1618 ሲሲ ነው፤ ወደ ጎን 45 ዲግሪ አዘንብሎ ይቀመጣል። ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸው ላይነሮች ከብሎኩ ጋር አንድ ላይ የተሠሩ አይደሉም። ለብቻቸው ገብተው ይቀመጣሉ፤ ዙሪያቸውን ውሃ ይከባቸዋል፤ ከሥራቸው ውሃው ወደ ዘይቱ እንዳይወርድ የሚከለክል ቀጭን ማኅተም አለ። ከላይ ተጭኖ የሚይዛቸው ቴስታታው ነው። እንግዲህ ቴስታታው ወርዶ ሳለ አንድ የማያውቅ ልጅ ክራንኩን ቢያዞረው ላይነሩ ከቦታው ብድግ ይላል፤ ማኅተሙም ይለቃል። በዓይን የሚታይ ነገር የለም። ቴስታታው ይታሰራል፣ ሞተሩ ይነሣል፣ ባለቤቱም ከፍሎ ደስ ብሎት ይሄዳል። ሳምንት ሳይሞላ የዘይት መለኪያው ሲመዘዝ ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ይወጣል። ያን ጊዜ «ፔጆ አረጀች» ይባላል።

ይህን ታውቁታላችሁ፤ በስንቶቻችን ቤት ደርሷል። ስለዚህ ቴስታታ በወረደ ቁጥር ላይነሮቹ በብሎንና በጠፍጣፋ ብረት ተይዘው እንዲቆዩ አጥብቃችሁ ጠይቁ። አሮጌ ጓርኒሲዮን በማስቲሽ ተቀብቶ እንዲመለስ አትፍቀዱ። ብሎኖቹ በተራቸው፣ በመለኪያ ቁልፍ ይታሰሩ፤ በክንድ ግምት አይሆንም። ቴስታታው ጠመመ ተብሎ ቶርኖ ቤት በሄደ ቁጥር ይላጋል፣ በተላገ ቁጥር ይሳሳል። ስንት ጊዜ ይላጋል? ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሚላግ አካል አይቀርለትም፣ ምትኩም አይገኝም።

ይህ ሁሉ የሚጀምረው ከራዲያተሩ ነው። የፔጆዋ ማራገቢያ ዝም ብሎ አይሽከረከርም፤ ውሃው ሲግል በማግኔት ተይዞ ይዞራል፣ ሲቀዘቅዝ ይለቃል። ለማግኔቱ ኤሌክትሪክ የምታቀብለው ትንሽ ካርቦን ናት። ካርቦኗ ስታልቅ ማራገቢያው አይነሣም፤ ሾፌሩ ሳያውቅ ሞተሩ ይቃጠላል። አንድ ሽማግሌ መካኒክ ከአሮጌ ዲናሞ ካርቦን ሞርዶ፣ በጥፍሩ እየለካ፣ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሲተካት አይቻለሁ። ሌሎች ግን ያን ትተው ሽቦውን ይቆርጡታል፣ ማራገቢያውን በብሎን ጠርቀው ያስሩታል፣ ቴርሞስታቱንም አውጥተው ይጥሉታል። በዚህም ጠዋት ጠዋት በሐረር ብርድ ሞተሩ ሳይሞቅ ይሠራል፤ የውሃ ፓምፑ ኩሽኔታም ያለ ዕረፍት ይዞራል። ውሃውንም አስቡበት። ከጄሪካን የጉድጓድ ውሃ እየቀዱ መሙላት አሉሚኒየሙን ከውስጥ ይበላል፣ መተላለፊያውንም በኖራ ይዘጋል። የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ በነበረ ጊዜ ሐረር የውሃ ችግር ምን እንደሆነ አይታለች፤ ቢሆንም ለራዲያተር የሚበቃ የተጣራ ውሃና የዝገት መከላከያ መድኃኒት ማግኘት ያን ያህል አያቅትም።

ወደ ኋላ እንሂድ። የ404 ዲፈረንሻል እንደ ሌሎች መኪኖች አይደለም፤ ጥምዝ ብረቱ የሚነክሰው የነሐስ ጥርስ ነው። ድምፅ የሌለው፣ ዕድሜው ረጅም የሆነ ድንቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ለዛሬ መኪኖች ዲፈረንሻል ተብሎ በየሱቁ የሚሸጠው ዘይት ብዙውን ጊዜ ድኝ ያለበት ነው፤ ድኙ ሲግል ነሐሱን ይበላዋል። ዘይት ስትቀይሩ የወጣውን በነጭ ጨርቅ ላይ አፍስሱና ፀሐይ ላይ እዩት። ወርቅ የመሰለ ብናኝ ካያችሁ ጥርሱ እየሄደ ነው። ነሐስ የማይጎዳ ዘይት እንደሆነ ሳትጠይቁ አንዲት ጠብታ አታስጨምሩ።

ስለ አካሏም ልንገራችሁ። ብዙዎቻችሁ ከሥሯ ሻንሲ ያለ ይመስላችኋል። የቤት መኪናዋ ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም፤ ላሜራዋ ራሱ ሻንሲዋ ነው። በበሮቹ ሥር ያለው ሳጥን ከዛገ የተበላሸው መልኳ ሳይሆን ወገቧ ነው። ስቱኮ ሞልቶ ቀለም መርጨት ለበዓል ያስጌጣት እንደሆነ እንጂ አይሸከምም። የፊተኛው አሞርቲዘር ከላይ የሚታሰርበትን ቦታ ኮፈኑን ከፍታችሁ በመዶሻ እጀታ ቀስ ብላችሁ ምቱት፤ ከሰመጠ መኪናዋን አቁሙ። መጀመሪያ ዝገቱ እስከ ጤነኛው ብረት ይቆረጥ፣ ከዚያ አዲስ ላሜራ ይበየድ፣ ስቱኮው የመጨረሻው ነው።

ማሻሻልን አልቃወምም። የፑንቲናውን ቦታ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ቢወስደው፣ ዲናሞው በአልተርኔተር ቢተካ፣ የፊት ፍሬኗ ኋላ ከወጡት 404ዎች ተወስዶ ዲስክ ቢሆን እሰየው። እኔ የምለካው በአንድ ነገር ነው፦ የሠራነውን ነገ አውጥተን የጥንቱን መመለስ እንችላለን ወይ? ከቻልን ማሻሻል ነው። የቶዮታ ሞተር ለማስገባት የፊት መስቀለኛዋን መቁረጥ፣ ከመሪው ሥር ያለውን ማርሽ ነቅሎ ወለሉን መብሳት፣ ይህ ማሻሻል አይደለም። የቶዮታው ሞተር ደግሞ ቀጥ ብሎ የሚቆም ስለሆነ ሚዛኗን ይለውጠዋል፣ የፋብሪካው ፍሬን ያላሰበው ጉልበትም ያመጣል። ሊብሬው ላይ የሰፈረው የሞተር ቁጥርም ከሞተሩ ጋር አይገናኝም፤ ለቦሎ ስትሄዱ ወይም፣ እግዚአብሔር አያድርገው፣ አደጋ ሲደርስ ምን እንደምትሉ አስቡት።

የተቆረጠችው ምትክ የላትም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖችን እስከ 500 በመቶ ቀረጣቸው፤ በ2016 ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ጭራሹን እንዳይገቡ ተከለከለ። ሌላ ፔጆ በጅቡቲ በኩል አይመጣልንም። ፈረንሳይ የቤት መኪናዋን መሥራት ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው፤ ኬንያ እስከ 1991 ስትገጣጥም ስለነበር መለዋወጫ ፍለጋ ወደ ናይሮቢ መላክ አሁንም ያዋጣል። እዚህ አገር ያለው ድሬዳዋና የአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ነው። ከዚያ ያለፈው እርስ በርስ መበላላት ሆኗል፤ አንዷን ለማስነሣት ሦስቷ ትፈታለች። የተፈታችው ዕቃ ግማሹ በሚዛን ለቁራሌው ይሄዳል። እለምናችኋለሁ፣ ማንም ለቁራሌው ከመስጠቱ በፊት ለሌላው ባለ ፔጆ ይንገር። የማርሽ ዘንግ፣ የካርቡራተር ክዳን፣ የመስኮት ማውረጃ፣ ዛሬ ምንም የማይመስለው ነገር የአንዱን ወንድማችንን መኪና ያነሣል። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ለግንቡ ጠባቂ ተገኘለት፤ ፔጆዋን የሚጠብቃት ባለቤቷ ብቻ ነው።

ከመኪኖቹ ይልቅ የሚያስፈራኝ የመካኒኮቹ ነገር ነው። ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ አስደግፎ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ የትኛው ቫልቭ እንደላላ የሚናገር ሰው በዚህ ከተማ ስንት ቀርቷል? እነሱም ሸምግለዋል። ልጆቹ የሚማሩት ባጃጅ ነው፤ አይፈረድባቸውም፣ እንጀራው ያለው እዚያ ነው። ስለዚህ ሞተር በወረደ ቁጥር አንድ ወጣት አጠገብ ይቁም፤ የሱን የቀን አበል እኛው እንክፈል። ልኮቹ ይጻፉ፦ የቫልቭ ክፍተት፣ የብሎን ጥብቀት፣ የላይነር ከፍታ። ሽማግሌው ሲያልፍ የሚቀረን ደብተሩና ያ ልጅ ነው።

ስለ ሞተሩ አንድ የቀረኝ ነገር አለ፦ ቤንዚን ሲጠፋ በሃይላንድ ጠርሙስ ከሚሸጠው ራቁ። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ነዳጅ ሞተሩን ያንኳኳዋል፣ ፒስተን ይበሳል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ እስካሁን ያልኩት ስለ ንብረት ነው፣ ይህ ስለ ነፍስ ነው። ከሐረማያ ደጋ ደንገጎን አልፋችሁ ድሬዳዋ ስትገቡ 800 ሜትር ገደማ ትወርዳላችሁ፤ ጥምዝምዙም ቁልቁለቱም ይታወቃል። የቆዩት ፔጆዎች የፍሬን መስመር አንድ ብቻ ነው። አንዲት የደረቀች ላስቲክ ብትፈነዳ አራቱም ጎማ በአንድ ጊዜ ያለ ፍሬን ይቀራል፤ ያላችሁ የእጅ ፍሬንና ማርሽ ብቻ ይሆናል። ፍሬን ዘይቱ ዓመታት ሳይቀየር ከቆየ ከአየር እርጥበት ጠጥቷል፤ ቁልቁለቱ ላይ ሲግል ይፈላል፣ ፔዳሉም እስከ ወለሉ ይወርዳል። ይህን ያለማስጠንቀቂያ ነው የሚያደርገው፤ ጠዋት ከተማ ውስጥ ደኅና ይዞላችሁ ነበርና።

ወደ ጎማዎቹ የሚሄዱትን የፍሬን ላስቲኮች አጥፋችሁ እዩ፤ ስንጥቅ ካለ ለሌላ ቀን አይቆይም። ማስተሩ የሚያለቅስ ከሆነ የውስጥ ላስቲኮቹን በቆዳ አስቀርጾ መመለስ ይቅር። ሸራው በወጉ የተጣበቀ ይሁን። ዘይቱ በየዓመቱ ሙሉ በሙሉ ይለወጥ። ስትወርዱ የወጣችሁበትን ማርሽ ያዙ፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ መንሸራተት የሚባለውን ነገር ከእንግዲህ ከማንም አፍ አልስማ። ለሠርግ፣ ለዚያራ ወይም ለቁልቢ ገብርኤል ሰው የምትጭኑ ሁሉ፣ ከዋዜማው አራቱን ጎማ አውልቃችሁ ፍሬኑን እዩ። ይህን ሳያደርግ ተሳፋሪ ጭኖ ወደ ደንገጎ የሚወጣ ባለ ፔጆ ካለ፣ ወንድሜም ቢሆን፣ ሐረር በር ላይ ቆሜ ለተሳፋሪዎቹ እናገራለሁ፤ አስወርዳቸዋለሁም።